ለታምራት የሠራነው አልበም

ባለፈው መስከረም፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ልጄ ቤዛ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ የበዓል ካርድ ስትሠራ አየኋት። የባህል ልብሳችንን የዱንጉዛን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በካርዱ ዙሪያ እንደ ጥልፍ አዙራዋለች። መሐሉ ላይ የአያቷ ፎቶ አለ፤ ከበላዩ “ዮዮ ጊፋታ” የሚል ጽሑፍ። ክፈፉም፣ አበባውም፣ የፊደሉ ጥላም አስቀድሞ ተሰናድቶ የሚጠብቃት ነው። እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጋ ጨረሰችና ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ በተነችው።

አያምርም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያምራል አልኳት። ማማሩንስ በእርግጥ ያምር ነበር። ድምፄ ግን እንደማይሆን ሆኖ ወጣ መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። ለበዓሉ ምግብ ለሙቹዋው የማነጥረው ቅቤ እንዳያርብኝ ብዬ ወደ ማድቤት ገባሁ። እዚያ ቆሜ ግን የማስበው ስለ ቅቤው አልነበረም።

እኔ ካርድ መሥራት የጀመርኩት ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ነው። ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ደግፌ ይባላሉ። አባታቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ከጨርቅ መደብር ይልቅ ካሜራ የወደዱ። በዚያ ዓመት ፊልም የሚያጥቡበትን ጨለማ ክፍል ዘጉና ኮምፒውተር፣ ስካነርና የቀለም ፕሪንተር አስገቡ። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት እንድማርበት ፈቀዱልኝ። እኔም ጉርድ ፎቶ ማስተካከሉ ሲሰለቸኝ ለወለደች ጎረቤት “እንኳን ማርያም ማረችሽ”፣ ለተመረቀ ዘመድ “እንኳን ደስ አለህ” እያልኩ ካርድ መሥራት ለመድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ዝም ብሎ ደስ ይለኝ ነበር።

ማርታን ያገኘኋት እዚያው ነው። የገሱባ ልጅ ናት፤ ሶዶ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የጽሕፈት ሥራ ትማር ነበር። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ተራዋን ስትጠብቅ በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየችና፣ ያስቀመጥሽው አበባ ቅጠል ስለሌለው ብርድ የመታው ይመስላል አለችኝ። አንቺ ማን ነሽ ልላት አስቤ ሳየው እውነቷን ነው። በማግስቱ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ፣ እርጥቡን በመሐረብ ጠቅልላ አመጣች። ስካነሩ ላይ ዘረጋነው። የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። መስታወቱን አርጥበን ስለነበር ጋሽ ደግፌ ተቆጡን፤ ካርዱን ሲያዩት ግን ቁጣቸውን ረሱት።

ከዚያ ወዲያ ማርታ ከትምህርት ስትወጣ ቀጥታ ወደኛ ሆነ። ዱንጉዛ ስካን አደረግን፣ የደረቀ የአደይ አበባ፣ የአክስቷን የሰፌድ ጥለት። ፎቶን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት፣ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ፣ ከሥሩ ስስ ጥላ መጣል ቻልን። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ በር ላይ ወጥተን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን፣ ደመና የለበሰውን የዳሞታን ተራራ እያየን መብራቱን እንጠብቅ ነበር። ብዙ ነገር ያወራችኝ በእነዚያ መብራት በሌለባቸው ሰዓቶች ነው። ስለ ወንድሟ ስለ ታምራት የነገረችኝም ያኔ ነው።

ታምራት ታላቋ ነው፤ ለአባቱ አንድ ወንድ ልጅ። ከእኩዮቹ ጋር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ከጀመረ ቆይቷል። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደውሎ ደህና ነኝ አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ማርታ ዝምታውን የምትተረጉመው በራሷ መንገድ ነበር። መንገደኛ ሰው ስልክ ከየት ያገኛል፤ ደርሶ ሥራ ሲይዝ ይደውላል ትላለች። አንድ ቀንም፣ እስኪመለስ ያመለጠውን ሁሉ በአልበም እሠራለታለሁ አለችኝ። የተገዛ አልበም ላይ ፎቶ መለጠፍ ማለቷ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ገጽ እንደ ካርድ የሚሠራ፣ ጽሑፍና ጌጥ ያለው፣ ኋላ ታትሞ የሚጠረዝ ነው።

እናም ጀመርን። ጋሽ ደግፌ ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ያውሱናል፤ ማርታ ለእሑድ ወደ ገሱባ ስትሄድ ይዛት ትሄድና ሰኞ ፎቶ ሞልታ ትመለሳለች። ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ላሟ ስትወልድ፣ የጊፋታ ዕለት ሥጋውና ዳጣው ቀርቦ ቤተሰቡ ተሰብስቦ። ከየፎቶው ሥር ለእሱ የምትጽፈው ነገር አላት። “ለዚህ ጥጃ ስም አላወጣንለትም፣ አንተን እየጠበቀ ነው” የሚለው ትዝ ይለኛል። ስትሠራ ብቻዋን ትስቃለች። ይኼን ሲያይ እንዲህ ይላል፣ ያንን ሲያይ እንዲህ ይሆናል እያለች ምላሹን ሁሉ አስቀድማ ትነግረኝ ነበር። አይቼው የማላውቀውን ሰው ወደድኩት።

ታኅሣሥ ላይ አባቷ፣ አቶ ዳልኬ፣ ለእህቷ ሠርግ ዕቃ ሊገዙ ሶዶ መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ባርኔጣና ከዘራ አይለያቸውም። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን አንዴ “አንተ” አንዴ “አንቺ” ይሉኝ ነበር። ማርታ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ለአልበሙ የአባት ገጽ ይቀራል ብላ ካሜራው ፊት አስቀመጠቻቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ፈገግ በል አለቻቸው። ሞከሩ፤ አልሆነም።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ አጠገቤ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ታምራትን ጎኔ ማድረግ ይቻላል?” አሉኝ።

ይቻላል አልኳቸው። ማርታ በደስታ የወንድሟን የትምህርት ቤት ምርቃት ፎቶ አወጣች። ከጀርባው ቆርጬ አወጣሁት፣ ቁመቱን ከእሳቸው ቁመት አመጣጠንኩ፣ ብርሃኑን አስማማሁ፣ በግራ ጎናቸው አቆምኩት። አንድ ቀን አብረው ፎቶ ቤት የገቡ መሰለ። አቶ ዳልኬ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰደው የልጃቸውን ሸሚዝ ነኩ። ሸሚዙን እኔ ነኝ የገዛሁለት አሉ። ከዚያ ዞር ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ማርታ ናፍቆት ነው ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔም ናፍቆት ነው ብዬ ነበር።

ሠርጉ ጥር ላይ ገሱባ ተደረገ። ፎቶ አንሺዋ እኔ ነበርኩ። አቧራው ጉልበት ይደርሳል፤ ሚኒባሱ በዚያ መንገድ ሲዘል ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው የሄድኩት። አቶ ዳልኬ በከዘራቸው ሲጨፍሩ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ አያቸው። ማርታ፣ ይኼን ጭፈራ ታምራት ሳያይ መቅረቱ ነው የቆጨኝ አለች፤ ከብዙ አቅጣጫ እንዳነሳቸው አዘዘችኝ።

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት የማርታ አክስት ፎቶ ቤት መጥተው፣ እናትሽን አሟታልና ቶሎ ድረሺ ተብሏል አሏት። ፊታቸውን ስላላመንኩት ጋሽ ደግፌን አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። ገሱባ ደርሰን ወደ ቤታቸው ስንታጠፍ፣ ደጁ ላይ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። ማርታ ቆመች። እናቷ በሰው ተደግፈው ብቅ አሉ። ሲያለቅሱ አየቻቸው፤ የታመሙ እንዳልሆኑ ገባት። ማንም አፍ አውጥቶ ሳይነግራት መሬት ላይ ወደቀች።

ታምራት ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር በተጫኑበት መኪና ላይ፣ አየር አጥሯቸው ነው የሞተው። የተቀበረው እዚያው ነው። ለቅሶው የተለቀሰው ሬሳ በሌለበት፣ በዚያችው በምርቃት ፎቶው ላይ ነው።

ለቀስተኛው ሲሳሳ አንድ አጎቷ ሊያጽናኗት ብለው፣ አባትሽ እንዴት ያለ ሰው ነው፣ ከኅዳር ጀምሮ ይህን ብቻውን ተሸክሞ ሠርግ ደገሰ አሉ። የተመለሰ አንድ መንገደኛ ለአቶ ዳልኬ ብቻ ነግሯቸው ኖሯል። ማርታ ተነሥታ ከቤቱ ጀርባ ወደ እንሰቱ ሄደች። ፈርቼ ተከተልኳት። አቶ ዳልኬ የደረቀ ቅጠል እየገፈፉ ነበር። የተነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ ሶዶ ተወልጄ ስላደግሁ አንድም አላመለጠኝም።

“አባባ፣ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ፎቶውን ስትነሳም?”

“ያን ጊዜም።”

“ታዲያ እኔ ለማን ነበር የምሠራው?”

የያዙትን ቅጠል መሬት ላይ አስቀመጡ። “መጀመሪያ ለሠርጉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ኋላ ግን ለሠርጉ አልነበረም። አንቺ በየሳምንቱ እየመጣሽ ይኼን ሲያይ ይስቃል ትይኝ ነበር። እኔ ዘንድ ሞቷል፤ አንቺ ዘንድ ገና አልሞተም። ካንቺ ዘንድም ላጠፋው አልቻልኩም።”

ማርታ አላለቀሰችም። “ሐዘኔን ደብቀህብኝ” አለች፣ “ከሞተ ሰው ጋር ስስቅ ከረምኩ።”

ሶዶ ስትመለስ ፎልደሩን አጥፊው አለችኝ። እጄ እንዴት ብሎ፤ ራስሽ አጥፊው አልኳት። እሷም አልነካችውም። ፎቶ ቤቱን ግን ከዚያ ወዲያ አልረገጠችም፤ በዚያ በኩል ማለፉንም ተወች።

የመለሷት እናቷ ናቸው። ማንበብ የማይችሉ፣ ፎቶ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሴት፣ ልጄ ለወንድሟ የምትሠራው ያ መጽሐፍ የት ደረሰ ብለው ከገሱባ ላኩባት። ማርታ መጣች። እንዲሁ አትመን እንስጣቸው ብላት፣ ያልተጨረሰ ነገር ለእናቴ አልሰጥም አለች። ተቀምጣ የሠርጉን ገጾች ሠራች፤ የአባቷን ጭፈራ ሳይቀር። ሥሩ ላይ የምትጽፈውን ግን እንደ ድሮው ጮክ ብላ አላነበበችልኝም። አተምን፣ ላሚኔት አደረግን፣ ጋሽ ደግፌ በገዛ እጃቸው ጠረዙት።

ይዘነው የሄድን ቀን የበልጉ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ነበር። እናቷ አልበሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ገለጡት። ፎቶውን እያየን እንተክዛለን ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ከልጃቸው ጋር መነጋገር ጀመሩ፤ ለቅሶም አይደለም፣ ከመንገድ ለገባ ሰው የቤቱን ወሬ እንደሚያወሩለት ነው። ይኸውልህ ቆርቆሮው፤ ዝናቡ ሲመታው ይጮኻል፣ ትለምደዋለህ አሉት። ይኸውልህ ጥጃው፤ ይኸው እህትህ፣ ባሏ ደግ ነው። ገጽ በገጽ፣ ሳይቸኩሉ ነገሩት። አቶ ዳልኬ በሩ አጠገብ፣ ማርታ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል፤ አይተያዩም።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን የቆሙበት ገጽ ሲደርስ እናቷ እጃቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። “ይኸውልህ አባትህ” አሉ። “መሞትህን እያወቀ ነው አጠገብህ የቆመው።”

አቶ ዳልኬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ማርታ ተነሥታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

አቶ ዳልኬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ማርታ ሐዋሳ ነው የምትኖረው፤ በየጊፋታው እንደዋወላለን። ከዚያ ወዲህ ካርድ ሠርታ አታውቅም። ዘንድሮ ደፍሬ ስለ አባቷ አነሣሁባት። አልተቀየምኩትም፣ ቀብሬው አልቅሼለታለሁ፤ ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም አለችኝ።

ያኔ ልጅ ሳለሁ ያለማመንታት ከማርታ ጎን ነበርኩ። ሰው ሐዘኑን በጊዜው የማዘን መብት አለው፤ ማንም ሊያቆይለት አይገባም እል ነበር። አሁንም እንዲያው ነው የማስበው። ግን ልጆች ወልጄ ካሳደግሁ ወዲህ፣ ቤዛ ከትምህርት ዘግይታ በሩን ስትከፍት ልቤ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ አቶ ዳልኬን አስባለሁ። ያቺ ሴት ልጅ በየሳምንቱ እየሳቀች ስትመጣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቃል ሊነግሯት ይችሉ ነበር? ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ በእሳቸው ቦታ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ። እስካሁን አንድም ቃል አልወጣልኝም።