ከሽማግሌ የቀደመ መልስ

ሃኒ ተጸያፊ ናት። ሻይ ስታዝዝ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ሳታይ አፏ አታደርሰውም፤ ከዚያ የባሰ የሚያንገሸግሻት ግን ሽንገላ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ በተከራየቻት ክፍል ለሱቆችና ለማኅበራት ፕሮግራም እየጻፈች ትኖራለች።

የሰፈሩ እድር ጸሐፊ አቶ መሳፍንት አንድ ቀን መጥተው፣ "አንቺ ልጅ፣ አባላቱ በስልክ ጽፈው ሲጠይቁ የሚመልስልን ነገር ሥሪልን፤ እኔማ ጆሮዬ ደነቆረ" አሏት። ሥራው ከባድ አልነበረም። ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ ባለሙያዎቹ ላይብረሪ የሚሉትን፣ ወሰደች፤ እሱም የአባሉን ጥያቄ ከእድሩ መዝገብ ጋር ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። የእሷ ድርሻ ሃያ መስመር አይሞላም። የመልሱ መቅለስለስ ግን አስጠላት። ስለ ድንኳን ካስማ ለጠየቀ ሰው "ውድ አባላችን፣ ስለጠየቁን ከልብ እናመሰግናለን" ይላል። ልታስቆመው ብትል አቶ መሳፍንት "ተይው እንጂ፣ ጨዋ ነው" ብለው ከለከሏት።

ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ መልስ ቢዘገይ፣ ሁሉን አስባለች። መርዶን ግን አላሰበችም። የሞት ወሬ ከቤተሰቡ በፊት እድር ዘንድ እንደሚደርስ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው እስኪያረዱ ድረስ መንደሩ ሁሉ አፉን ዘግቶ እንደሚጠብቅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ይህ ጠፍቷት አይደለም። ኮዱን ስትጽፍ ትዝ አላላትም፣ በቃ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል የእትዬ ጥላነሽ ልጅ ደመላሽ ደጀን ላይ በመኪና አደጋ መሞቱ ተሰማ። አቶ መሳፍንት ድንኳን እንዲዘጋጅ ብለው ስሙን መዝገቡ ውስጥ አስገቡና ሽማግሌ ሊሰበስቡ ወጡ። ምንም ያልሰሙት እትዬ ጥላነሽ ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ደፋ ቀና ሲሉ አዩ። ሐዘን ያለበት ቤት ውኃ ቀድተው ሊደርሱ ፈልገው ለእድሩ ጻፉ፦ "ድንኳኑ ዛሬ ማን ቤት ነው?"

ሃኒ ጥያቄውን ኮምፒውተሯ ላይ ስታየው መልሱ ሄዷል። "ውድ አባላችን፣ ስለጠየቁን ከልብ እናመሰግናለን። ድንኳኑ የሚተከለው በእርስዎ ቤት ነው። በልጅዎ በአቶ ደመላሽ ሞት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን። ሌላ የሚፈልጉት መረጃ አለ?"

የገዛ እጇን ተጸየፈች። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ሮጣ፣ ሽማግሌዎቹን ከአቶ መሳፍንት ጋር መንገድ ላይ ደረሰችባቸውና የሆነውን እያለቀሰች ነገረቻቸው።

"ምን ታለቅሻለሽ? እኛስ ያንኑ ልንነግራት አይደል የምንሄደው?" አሉ አቶ መሳፍንት። ልትተፋባቸው ምንም አልቀራት።

እትዬ ጥላነሽ ስልካቸውን እንደጨበጡ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። እንባ የለም። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው፣ ከኋላ የቆመችውን ሃኒንም አዩአት።

"እኔ ያላለቀስኩበት የማን ቤት አለ?" አሉ። "ለእኔ ጊዜ ሰው ጠፋ?"