የደበዘዘው ፍላስክ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከኩሽናችን መስኮት ላይ አሮጌውን የብርጭቆ ፍላስኬን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው።

«እማማ፣ ይሄ በጣም ደርቲ ነው። ዲሽዋሸር ውስጥ ላድርገው?»

«ተዪው፤ አልቆሸሸም» አልኳት። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ሳሙና ግን ከፍታው ስለነበር፣ አሜሪካ፣ ስኮትዴል ባለው አፓርታማችን ውስጥ የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሸተተኝ።

አሰላ ነው የተማርነው። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ቦሮሲሊኬት ከሚባለው እሳትና አሲድ ከሚችል ብርጭቆ የተሠራ አንድ ፍላስክ ነበራቸው። አሲድ ሲያፈሉበት ጭሱ ጉሮሯችንን እየከረከረን እንስል ነበር፤ ፍላስኩ ግን ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላል። «ይሄን ምንም አይነካው» ይሉን ነበር።

ፍላስኩ እንድትይዘው የተሰጠው ለወንበር ጓደኛዬ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ዕቃ አያያዟ የተመሰከረላት ተማሪ ለላቦራቶሪ ሥልጠና ትላካለች። አባቷም «ከተመረጠች ትሂድ፤ ካልተመረጠች ግን ሊጠይቋት የመጡትን ሽማግሌዎች ከዚህ በላይ አላመላልስም» ብለዋል።

እናቷ ቅባት የነካውን ዕቃ በሙቅ የአመድ ውሃ ነበር የሚያጥቡት። ጓደኛዬም ይህን አይታ፣ ከክፍል በኋላ በየቀኑ ፍላስኩ ውስጥ እንደ አመድ ውሃ ቅባት የሚያለቅቀውን ኮስቲክ ሶዳ ታፈላ ጀመር።

«ሙሽራ አስመሰልሽው እኮ!» እላታለሁ።

«አንቺ ደግሞ ሚዜ ሁኚው» ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

አንድ ጠዋት ፍላስኩ ጉም ለብሶ አገኘችው። ቆሻሻ መስሏት ሶዳውን አበዛችበት። ይበልጥ ደበዘዘ።

አስተማሪያችን መስኮቱ አጠገብ ቆመው ብዙ አገላበጡት። «ልጄ፣ ‹ምንም አይነካውም› ሳይሆን ‹አሲድ አይነካውም› ብቻ ማለት ነበረብኝ። የፈላ ሶዳ ቀስ እያለ ይልጠዋል። ከእንግዲህ አይጠራም» አሏት። አልተቆጧትም። ስሟ ግን ለሥልጠናው አልተላከም።

በተከታዩ ጥር ተዳረች። ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪያችን ለሥራ ስለማይሆን ፍላስኩን ትተውላት ነበርና፣ በሠርጉ ዋዜማ ባሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንቺ ጋ ይሁን» አለችኝ። «እኔ ካየሁት ማጠቤን አልተውም።»

ከዚያ በኋላ ስንገናኝ የላቦራቶሪውን ነገር አንስተን አናውቅም። አሁን እሷም የለችም።

«ታዲያ ካልቆሸሸ ለምንድነው የማያሳየው?» አለች የልጅ ልጄ።

ፍላስኩን ከእጇ ተቀበልኩ። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አለቀለቅሁትና ወደ ቦታው መለስኩት።