የአባ ወልደማርያም ፈቃድ

መምህር ስማቸው በመካነ ኢየሱስ ከተማ ስፖርት ሲያስተምር አስራ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ እሱም ይሮጥ ነበር፤ የአትሌት ወኪል የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ ሳይሰማ እግሩ ደከመ። ሐረገ ወይን አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትሮጥ ያያት ቀን፣ ወኪሏ ልሁን ብሎ ቆረጠ። አባቷን አቶ ጌታነህን ለማስፈቀድም፣ እንደ ጋብቻ ወግ፣ ሽማግሌ ይዞ ሄደ።

«ለትዳር ቢሆን ጥሎሽ እጠይቅ ነበር» አሉ አባትየው። «ለሩጫ ምን ይጠየቃል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ጾሟን እንዳታስፈታት። ሌላ ምንም አልልህም።»

ስማቸው ቃሉን ሰጠ።

ሁዳዴ በገባ በአምስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ነበሩ። አንድ የውጭ ማኔጀር ስማቸውን ወኪል አድርጎ ሊቀጥር የተስማማው፣ ልጅቷ በሙከራው ውድድር ጥሩ ሰዓት ካመጣች ብቻ ነው። እሷ ግን ከስታለች፤ ልምምድ ላይ ጉልበቷ ይከዳት ጀምሯል።

«እንቁላል ብትቀምሽ ምን አለበት?» አላት።

«የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱ? እንዴት አድርጌ፣ ጋሼ?»

ወደ ውጭ ወጣና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ለማንም አልደወለም። ተመልሶ «አባ ወልደማርያም ፈቅደውልሻል» አላት።

በላች፤ ሮጠችም። አንደኛ ወጣች። ስማቸው የእንግሊዝኛውን ውል በአማርኛ አነበበላትና ፈረመች፤ እሱም ወኪል ተባለ።

ለፋሲካ አገራቸው ገቡ። ልጅቷ ቄሱን አግኝታ ብታመሰግናቸውስ? ቀድሟት ሊናዘዝ ወደ አባ ሄደ። አልቀደማትም።

«ትናንት መጥታ ጉልበቴን ሳመች» አሉት አባ። «ስለፈቀዱልኝ ብላ። አባቷ አጠገቧ ቆሟል፤ ምን ልበላት? ዝም አልኩ። በስተርጅናዬ አስዋሸኸኝ፣ አንተ ልጅ።»

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። ከዚያ ና።»

ሐረገ ወይን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቆሞ ሁሉንም ነገራት። በእጁ ያለችው ብቸኛ ሯጭ እሷ ናት፤ በቃኝ ብትለው ወኪልነቱም እዚያው ያበቃል። 

«ያ የፈረምኩት የእንግሊዝኛ ወረቀትስ?» አለችው። «እንዳነበቡልኝ ነው?»

እንዳነበበላት ነበር። አንዲት ቃል አላጎደለም። «ነው» ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።

«ለእንግሊዝኛ አስተማሪሽ አስነብቢው» አላት።

ሰፌዱን አስቀምጣ ወረቀቱን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።