ብስክሌተኛዋን ያተረፍኩ ጊዜ

አባቴ በሕይወታቸው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብበው አያውቁም። ሆኖም አትላንታና ዙሪያዋን ብታስሱ የእሳቸውን ያህል የእንግሊዝኛ የስለላ ልብወለድ የጨረሰ ሐበሻ የምታገኙ አይመስለኝም። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከሥራ ስመለስ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ዓይኔ እንግሊዝኛውን ያያል፣ አፌ በአማርኛ ይናገራል። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ሳጥብ ውዬ የመጣሁ ሰው ነኝና አንዳንዴ ሲደክመኝ አንድ ሁለት አንቀጽ እዘላለሁ። ወዲያው ያውቁብኛል። «ሰውዬው ድልድዩን መቼ ተሻገረ?» ይሉኛል።

ሌላ ዓይነት መጽሐፍ አይፈልጉም። ጦርነት መሆን አለበት፤ ከተማው በጠላት እጅ መሆን አለበት፤ ሰላዩም በሐሰት ስም እዚያው ጠላት መሀል እየበላና እየጠጣ መኖር አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተገኘውን መጽሐፍ ደግሞ መተቸት ነው ሥራቸው። «ሬዲዮ አለው፣ መርዝ አለው፣ ሦስት ፓስፖርት አለው። ይሄን ሁሉ ይዞማ ማን ያቅተዋል? የኛዎቹ በምን ሠሩ?»

የኛዎቹ የሚሏቸው እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ናቸው። በጣሊያን ጊዜ አያቴ ከምሽጉ አጠገብ ጠላ ይሸጡ ነበር። ለባንዳውም ለወታደሩም እየቀዱ ይሰማሉ፤ የሰሙትን በቁራጭ ወረቀት ጫካ ላሉት አርበኞች ይልካሉ። የውስጥ አርበኛ የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። ወረቀቱን የሚያደርሱት ደግሞ አክስቴ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ። ወረቀቱ ሹሩባቸው ውስጥ ይጎነጎንና እንቁላል ልትሸጥ የምትሄድ ልጅ መስለው ኬላውን ያልፋሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ወታደር ፀጉራቸውን እየዳበሰ ከረሜላ እንደሰጣቸው ይናገሩ ነበር። ከረሜላውን ግን እንዳልበሉት አባቴ ምለው ይገዘታሉ።

አባቴ የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። አያቴ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱና አባቴን አክስቴ አሳደጓቸው። አዝለው፣ ፈትለው፣ ጉልት ተቀምጠው ትምህርት ቤት ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። የሰማንያ ሦስት ዓመቱ አባቴ «እትዬ» ሲሉ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ይሆናል። እሁድ ከቅዳሴ እንደተመለስን ጫማቸውን ሳያወልቁ «ደውዪልኝ» ይላሉ።

የልባቸው ቀዶ ጥገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «እማዬ አረፈች» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ሳልወጣ አለቀስኩ። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደወልኩላት።

«ኦ ማይ ጋድ! እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «ሰርጀሪው ይለፍ። ጀስት ፖስትፖን አድርጊው።»

ክፉ ምክር አልነበረም። እኛ ሞትን እንደ ዜና አናወራም። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ የንስሐ አባት ይመጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ተሄዶ ሰውዬው ሳይበተን በሰው ክንድ ላይ ሆኖ ይሰማል። ጥፋቱ የወጉ አይደለም፤ የኔ ነው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ስፌቱ ይድረቅ አልኩ፤ ደረቀ። መድኃኒቱን ይልመዱት አልኩ፤ ለመዱት። ክብደታቸው ይመለስ አልኩ። ሐኪሙ አንድም ቀን ክፉ ወሬ እንዳይሰሙ አላለም። እኔ ነኝ የፈራሁት። ያሳደጋቸውን ሰው የማልቀስ መብት የእሳቸው ነበር፤ እኔ ደብቄ ያዝኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን በየቀኑ ይከብደኝ ነበር።

የአክስቴን ልጅ በስልክ አሠለጠንኩት። እሁድ ሲደወልለት፣ «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል፤ አሁን ገና ተኛች» ብሎ ይመልሳል። አባቴም «አታስነሷት። ማር በሎሚ ስጧት» ብለው ስልኩን ለኔ ይመልሳሉ።

በዚያ ሰሞን የያዝነው መጽሐፍ ጠላት ስለያዛት አንዲት የወደብ ከተማ ነበር። ሦስት ሰላዮች ናቸው። አንዷ ወጣት ሴት ናት፤ በብስክሌት ዳቦ እያደረሰች በዳቦው ውስጥ መልእክት ታመላልሳለች። አባቴ ገና ከመጀመሪያው ወደዷት። «ይቺ የኛ ዓይነት ናት፤ ሬዲዮ የላትም» አሉ።

አንድ ቀን እያነበብኩ ዓይኔ ከአፌ ቀደመና ብስክሌተኛዋ ኬላ ላይ እንደምትያዝ አየሁ። በሚቀጥለው ገጽ ግድግዳ ሥር አቁመው ይረሽኗታል። አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ምላሴ አልታዘዘኝም። «ወታደሩ ዳቦውን አየና፣ እለፊ አላት» አልኩ።

አተረፍኳት። አሁን ግን መጽሐፉ እስኪያልቅ ላኖራት ነው። ጓደኞቿ ሲያለቅሱ ሳቅ አደርገዋለሁ፤ ሲበቀሉላት ዘልዬ አልፋለሁ። ከእሷ በኋላ የሚሞቱት ሁለቱም አልሞቱም፤ አንዱን በጀልባ አሻገርኩት፣ ሌላውን ገዳም አስገባሁት። ደራሲው ቢሰማኝ ይከሰኝ ነበር።

«ብስክሌተኛዋ የት ገባች?» አሉኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

«ጉንፋን ይዟታል።»

«ጉንፋን?»

«አዎ። ድምጿ ተዘግቶ ተኝታለች።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ «ቀጥዪ» አሉኝ፤ ቀጠልኩ።

በመጣው እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጫማቸውን አወለቁ። ደውዪልኝ አላሉም። በሚቀጥለውም እሁድ አላሉም። ለጓደኛዬ ደውዬ፣ «እንዴት ያለ ግልግል ነው! እየረሷቸው ነው መሰለኝ» አልኳት። ይህን ባለው አፌ ዛሬም አፍራለሁ። አባቴ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧውን ከፍተው ይቆዩ ጀመር። የሽንት ማብዣው ኪኒን ይሆን ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት፤ ነርሷም ኖርማል ነው አለችኝ።

በመጨረሻ ቀኑን ቆረጥኩ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ የንስሐ አባታችንና አራት ሽማግሌዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በር ሳያንኳኩ በቀስታ ገቡ። እኔ በሩን አልቆለፍኩትም ነበር። መብራት ሳበራ አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ናቸው። ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን አሥረዋል።

«ቆያችሁ» አሉ። «በሩ ሳይቆለፍ ሲያድር ነው የጠበቅኋችሁ። አባታችን፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ካህኑ «እግዚአብሔር ያጽናዎ…» ብለው ጀመሩና አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«እትዬ ናት፤ አውቄያለሁ። እናንተ አትጨነቁ፤ ምን አደረጋችሁ?»

«አባባ፣ ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ» አሉኝ። «ጦርነት ነው እያልሽ ስታነቢ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልሞተም። ጦር ሜዳ ላይ ሰው መሞት ካቆመ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እኔ ብቻ ማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ኋላ ልጅቷን በእትዬ ጉንፋን አስተኛሻት።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዳቸው እንኳ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አላነሡም። ወጉ የሚያውቀው ለሚደነግጥ ሰው ነው፤ አልቅሶ ለጨረሰ ሰው ምን እንደሚባል አልተማሩም። ቀኑን ሙሉ ለቀስተኛ መጣ፣ ሄደ። ሴቶቹ እየጮሁ ይገባሉ፣ እኔንና አባቴን ደረቅ ዓይን ሆነን ሲያዩን ጩኸታቸው በመሀል ይቆማል። እሳቸው በቧንቧ ውኃ ድምፅ፣ እኔ በመኪናዬ ውስጥ፣ በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን አንዲቱን ሴት ለየብቻችን አልቅሰናት ነበር። አብረን የምናለቅሰው አልተረፈንም።

ቤቱ ጭር ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ካወቁ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ ትዋሺኛለሽ። ልጄ ስትዋሸኝ ከምሰማ ብዬ ነው።» ጉልበቴን ፈልገው ዳበሱኝ። «እኔም አወቅሁ ብዬሽ ብትደነግጪብኝስ? አንቺም እኮ እሷን ትወጃታለሽ።»

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ጎንበስ ስል ቀደሙኝ።

«አርባዋ መቼ ነው?» አሉ።

እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ውሸቱን ስጠብቅ፣ ስፌታቸውን ስጠብቅ፣ አርባውን አልቆጠርኩም ነበር። ስሟ በቅዳሴ ሳይጠራ፣ እሳቸው ቆመው ሳይጸልዩላት፣ ለአንድ ነዳይ ቁራሽ ሳይሰጡላት አልፏል።

«አልፏል፣ አባባ። ዛሬ ሃምሳ ሦስተኛዋ ነው።»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ልጅ፣ «እትዬ፣ እትዬ፣ አርባሽን ሳላወጣ» እያሉ። ልይዛቸው ብሞክር እጄን በቀስታ ከትከሻቸው አነሡት።

ሰማንያውን በወጉ አወጣን። ካህናት መጡ፣ ሰው በላ፣ አባቴም እስከ መጨረሻው ቆሙ። ንባባችንን ቀጥለናል፤ ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ከተማ ይዘናል፤ የሚሞተውን ሁሉ በሞተበት ገጽ እያነበብኩ ነው። ከኔ ጋር አልተጣሉም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ያመሰግናሉ፣ ይመርቁኛል። ብቻ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ንባቡን ያስቆሙኛል።

«ማን ነው?»

«ፋርማሲ ነው፣ አባባ። መድኃኒትዎ ደርሷል።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ረዘም ላለ ጊዜ ያዳምጣሉ። ከዚያ «እሺ» ይላሉ። እንዳላመኑኝ አውቃለሁ።