ያልታየው የፍጻሜ ጨዋታ

ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የሚጠግነውን ሰው ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ጌም የሚፋለሙበትን የውጭ ሊግ የአውቶቡስ ሾፌሮች ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጡለት ነበር። ኢንተርኔቱ ተመልሶም ልማዱ አልቀረም፤ ውጤት አስቀድሞ የሚነግረውን ሰው ይቆጣል።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት የቆየው ሊግህ ሊዘጋ ነው አሉ» አለው ጎረቤቱ ባለሱቅ ኑረዲን።

«ገና አልወሰኑም።»

«የፍጻሜውን ጨዋታስ አየኸው? ዋንጫው እኮ አቧራ ጠጣ።»

ሰውዬው የፍጻሜው ጨዋታ ያለበትን ፍላሽ ከደረት ኪሱ አወጣና በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ ከተተው።

«የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር ሲያሳውቁ አየዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እስከዚያ የዘንድሮው አላለቀም።»