የሚያብረቀርቁት ጎማዎች

በጃፓን ተራሮች ላይ ያለችው የኩማዳኒ መንደር ሰዎች ሳዋኮን ሲያሟት፣ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን የመኪናውን ጎማ ነው ይላሉ። ሐሜቱ ከግማሽ በላይ እውነት ነው። በኅብረት ሱቁ ደጃፍ መኪኖች ተደርድረው ካየች ጎንበስ ትልና በጎማው ጎን ላይ የታተሙትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ታነባለች። የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የጎረቤቶቿን ዕድሜ ብትጠየቅ ትሳሳት ይሆናል፤ የጎማቸውን ግን አትስትም።

ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ዛሬ ከምትሠራበት የጎማ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው። አባቷ ጎሚስታ ነበር። ከሦስት ሴቶች ልጆቹ መካከል የጎማ ሽታ የማያስነጥሳት እሷ ብቻ ስለነበረች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ክሪኩን ለእሷ አስረከባት። ብዙ አላስተማራትም። «በዓይንሽ አትፍረጂ። ዳስሺው፤ እጠፊው፤ አሁንም ካላመንሽው ቁረጪው» ይላት ነበር፤ እሱም ይህንኑ ሲያደርግ ኖሮ ሞተ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆናት አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አራት የበረዶ ጎማዎች ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ታሞ መኪናው ለዓመታት ስለቆመ ጎማዎቹ እምብዛም መንገድ አላዩም። ሳዋኮ ቁጥሩን አነበበች፤ ዘጠኝ ዓመት። «አይሆኑም» አለችና አዲስ ገጠመችላቸው። ማታ አንዱን ለመጣል ስትቆርጠው ላስቲኩ እንደ ትኩስ ሊጥ ተለጠጠ። ለካ ሴትዮዋ ጎማዎቹን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፀሐይ በማይገባበት የጭቃ ጎተራ ውስጥ በሳንቃ ላይ አቁመው ነበር የኖሩት። በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ደጃፉ ላይ እጅ ነስታ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ሦስቱ አሁንም ይሠራሉ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ለሳዋኮ ጥያቄ እንጂ መልስ ሆኖ አያውቅም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ የመንደሩ የእሳት አደጋ መኪና ቀስ ብላ ወደ ደጃፏ ገባች።

የኩማዳኒ እሳት አጥፊዎች ደመወዝተኞች አይደሉም። አንዱ አናጢ ነው፣ አንዱ ከአኩሪ አተር የሚረጋውን ቶፉ ይሠራል፣ ሌሎቹ ፖም ያለማሉ፤ እሳት ሲነሳ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። መኪናዋን የነዳት ቶፉ ሠሪው ቶሞያ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ትልቅ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው የእሳት አጥፊ ጓዱ አለቃ ጌንጂሮ ነው፤ አናጢ ነው፣ ሃምሳ አምስት ዓመቱ። በማግስቱ በአውራጃው ያሉት የእሳት አጥፊ ጓዶች ሁሉ ታች ከተማ ላይ ለፀደይ ሰልፍ ይሰበሰባሉ። መኪኖች በጽዳት ይወዳደራሉ። የኩማዳኒ መኪና አምና ሁለተኛ ወጥታለች፤ ዘንድሮ አንደኛ እንድትወጣ ጌንጂሮ ክረምቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ነበር።

«እትዬ፣ ነፋሱን ብቻ ለክተሽ ልቀቂን» አለ ጌንጂሮ ከመኪናዋ ሳይወርድ። «ሌላው ሁሉ አልቋል።»

«አልቋል የሚባለው እኔ ሳየው ነው» አለች ሳዋኮ። «ውረድ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማዘዝ አይሰለችሽም?»

«ትምህርት ቤት በእጄ እየጎተትኩ ያደረስኩህን ሰው ምን ብዬ ልለምነው? በየመንገዱ እየቆምክ ስታለቅስ ያስረፈድከኝ አንተ ነህ።»

ቶሞያ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አለቃ አልቃሻ ነበሩ?» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለ ጌንጂሮ፤ መኪናዋ ግን ቆማለች።

መኪናዋ በእርግጥ አምራለች። ቀይ ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ በየጎኑ መንታ፣ ስድስት ጎማዎች አሏት፤ ከውጭ የሚታዩት ሁሉ ጥቁር ሆነው ያበራሉ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፤ ሳንቲም ቢሰካበት ይቀበራል። ሳዋኮ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየች፤ ስድስት ሺህ አንድ መቶ። ቀጥሎ ተንበርክካ ቁጥሩን አነበበች። 3809።

«አሥራ ሦስት ዓመት ተኩል» አለች።

«ዓመቱን ተይው። የት ሄዳ ታውቃለች? ከቤቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ነው» አለ ጌንጂሮ። «ባለፈው ወር የመንግሥት ምርመራ አልፋለች። ወረቀቱ እዚያው ነው።»

«እነሱ ጥርሱን ነው የሚለኩት። ጥርሱ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

ሳዋኮ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነከረችና የፊተኛውን ጎማ ጎን ጠረገች። ጨርቁ ጥቁር ሆነ። እንደገና ጠረገች። ያ ሁሉ ብርሃን ወደ ጨርቁ ሲሄድ፣ ከስር ግራጫ ላስቲክ ብቅ አለ፤ ላዩ እንደ አሮጌ ሸክላ ሰሐን በቀጫጭን ስንጥቆች ተሞልቷል። ጥፍሯን ተጫነችበት፤ አልገባም። ለንጽጽር አዲስ ጎማ ወዳለበት ወስዳ ቶሞያን «ተጫነው» አለችው፤ ጥፍሩ የጨረቃ ቅርጽ ትቶ ወጣ።

«ስትነዳት ትንቀጠቀጣለች?» አለችው።

ቶሞያ መጀመሪያ አለቃውን አየ። «ስነሳ ትንሽ፣ እትዬ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል። ከሞቀች በኋላ ይተዋታል። አያቴም ጧት ሲነሱ እንደዚያ ናቸው።»

«ውሃና ፓምፕ ተሸክማ በአንድ ቦታ ስለቆመች ነው። ጎማው የቆመበትን ወለል ቅርጽ ይዟል።»

ጌንጂሮ እጆቹን አጣጠፈ። «ላይ ላዩን የተሰነጠቀ ጎማ ሞልቷል። የኔም መኪና ጎማ ተሰንጥቋል፤ አንቺው ራስሽ 'ገና ነው' ብለሽኛል።»

«ብያለሁ። ያንተን አጥፌ አይቼዋለሁ፤ ስንጥቁ አልተከፈተም ነበር። ይህንንም አጥፌ አያለሁ።»

ክሪኩን አስገብታ የኋላውን አነሳች፤ ብሎኖቹን ፈትታ የውጪውን መንታ አወጣች። ከጀርባው ያለው የውስጡ ጎማ አቧራ ለብሷል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። በውሃ አጠበችው። ቁጥሩ ያው 3809 ነው። ላስቲኩ ግን ጥፍር ይቀበላል፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነና ጥቂት ነው። ሳዋኮ የውስጡንም አውጥታ ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አቁማ አየቻቸው። አብረው ተወልደዋል፤ አንድ መንገድ ሄደዋል፤ አንድ ጭነት ተሸክመዋል።

«የመኪናዋ ቤት በር መስታወት ነው አይደል?» አለች።

«ሰው እንዲያያት» አለ ጌንጂሮ።

«ጎማዎቹን የምትቀቧቸው ምንድን ነው?»

ቶሞያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ማብሪያ ነው» አለ ጌንጂሮ። «በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከልምምድ በኋላ። አንድ ወር ዘለን አናውቅም።»

«ዘይት ያለበት ነው። ላስቲኩ ውስጥ ያለውን ቅባት አብሮ ያወጣዋል፤ የቀረውን በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ ጨረሰው። ውስጠኛውን እጃችሁ ስላልደረሰበት ተረፈ። ማነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጌንጂሮ።

ሳዋኮ ልታጽናናው አልሞከረችም፤ ሥራዋ አይደለም።

«ነገ ብቻ» አለ ጌንጂሮ። «ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ እትዬ። ቶሞያ ቀስ ብሎ ይነዳል። ከሰልፉ መልስ ሁሉንም ቀይሪው። አምስት ሰው ልብሱን ተኩሶ እየጠበቀ ነው።»

«ለዚያ ነው የማልለቃችሁ፤ አምስት ሰው ስላለ። ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጎማው ይሞቃል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። የኋላ መንታ አንዱ ቢፈነዳ ጎረቤቱ ይሸከምለታል። የፊቱ ከፈነዳ ግን መሪው የቶሞያ መሆኑ ያበቃል።»

«ይፈነዳል ብለሽ ትምያለሽ?»

«አልምልም። ቆርጬ አሳይሃለሁ።»

የፊተኛውን ጎማ ከቸርኬው አወጣች። በቆልማማው ቢላ ከጎኑ የመዳፍ ያህል ቆረጠችና በጌንጂሮ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። «እጠፈው» አለችው።

አጠፈው። ስንጥቆቹ እንደ አፍ ተከፈቱ፤ በሁለቱ ውስጥ ጎማውን የሚያስረው ነጭ ክር ታየ። ጌንጂሮ አዘውትሮ ከጆሮው ላይ የማይለየውን እርሳስ አወረደና ጫፉን ወደ ስንጥቁ ሰደደ፤ ጥልቀቱን በአውራ ጣቱ ምልክት አደረገ፤ አውጥቶ አየ። እንደገና በሌላው ስንጥቅ ደገመው። ሠላሳ አምስት ዓመት እንጨት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው፤ ላዩን የደረቀውንና እስከ ልቡ የተሰነጠቀውን ለመለየት ማንም አያስፈልገውም።

«እንጨት ቢሆን ምሰሶ ታደርገዋለህ?» አለች።

«ለዶሮ ቤትም አላደርገው።» ቁራጩን መለሰላት። ቀጥሎ በሥራ ድምፁ፣ «ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ሰው ማሳውን እያቃጠለ ነው። መንደሩ ያለ መኪና አያድርም። ምን አለሽ?» አለ።

«በልኳ ሁለት አዲስ አለኝ፤ ከፊት እገጥማቸዋለሁ። ከኋላ ያው መንታዎቹ ይሁኑ። በመንደሩ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ሳትበልጡ ለእሳት ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱን አትነኩም። አራቱ ማክሰኞ ይመጣሉ።»

«የውስጦቹ ደህና ናቸው አላሉም?» አለ ቶሞያ።

«ደህና ናቸው፤ ወጣት ግን አይደሉም። መንታ ሲቀየር አብሮ ነው፤ አሮጌና አዲስ እኩል አይሸከሙም።»

ጌንጂሮ ለሰልፉ አዘጋጆች ሊደውል ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ሲታይ ለስልኩ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳ። ሲመለስ ሳዋኮ የመጀመሪያውን አዲስ ጎማ እየነፋች ነበር።

«ምን አሉ?»

«'ጎማችሁ ከሁሉ የሚያምረው አልነበረም ወይ?' አሉኝ።»

«አንተስ?»

«'ችግሩ እሱ ነው' አልኳቸው። የሌሎቹንም እንዲያዩ ነገርኳቸው፤ ማብሪያውን ባለፈው ዓመት ለሁሉም የመከርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሳዋኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራዋ ቀና አለች። «አልቅሰህ ነበር?»

«ሂጂ ወዲያ» አለ፤ ኮቱንም አውልቆ ብሎኖቹን ያቀብላት ጀመር።

እሑድ አምስቱ ሰዎች በተተኮሰ ልብሳቸው በመንደሩ ቀሩ። ከቀትር በኋላ አንድ የፖም ገበሬ ያቃጠለው ቅርንጫፍ ወደ ሣሩ ተሻገረ፤ መኪናዋ ሜዳ ለሜዳ ሄዳ በአሥር ደቂቃ አጠፋችው። ማንም ታላቅ ሥራ ነው አላለውም።

ማክሰኞ አራቱ ጎማዎች መጡ። ሳዋኮ ገጥማ ስትጨርስ መሣሪያዋን አስቀመጠችና ወደ ጋቢናው ወጥታ ከቶሞያ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ወዴት?»

«ቁልቁለቱን ወርደን እንመለሳለን። ታንኩን ሞልተሃል?»

«ሞልቻለሁ። ግን እርስዎ ለምን ይደክማሉ? እኔው ሞክሬ እነግርዎታለሁ።»

«የገጠምኩትን ራሴ ሳልሳፈርበት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ንዳ።»

ቶሞያ ነዳ። ከጎማ ቤቱ እስከ ድልድዩ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ መሪው በእጁ ላይ አልተንቀጠቀጠም። ከድልድዩ በኋላ መንገዱ መታጠፍና መውረድ ጀመረ፤ የበረዶ ውሃ በድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ የቶፉን ዋጋ ስለማያውቁ ከተሜዎች ያወራል፤ እሷ መስኮቱን ከፍታ የጎማውን ድምፅ ታዳምጣለች። እግረ ተራራው ላይ ሲደርሱ አስቆመችው። ወርዳ በእጇ ጀርባ እያንዳንዱን ጎማ ነካች፤ ከፊት ግራ ጀምራ፣ መንታዎቹ መካከል እጇን እያስገባች፣ ዙሪያውን። ስድስቱም እኩል ለብ ብለዋል።

«እንዴት ነው?» አለ ቶሞያ በመስኮቱ።

«ከአምስቱ ሰዎች በአንዱ ቦታ ልጄን ባስቀምጥ አልፈራም» አለች። ወደ ጋቢናው ወጥታ በሩን ዘጋች። «ዳገቱን ግን ቀስ በል።»