ከዓሦቹ መካከል ያነሳሁት ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት እጅጌውን ጠቅልሎ ዓሦች ከሚዋኙበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ድንጋይ ሲያወጣ አየሁ። የረጠበ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ቀጥሎም እዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበረ የላምባ ሽታ። ስሜ ሁለት ጊዜ ሲጠራ አልሰማሁም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምን ሆንክ እያልሽ የምትጨቀጭቂኝ ለዚህ ነው። ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ነግሬሽ የማላውቀውን፣ ከጠየቅሽ አይቀር ልንገርሽ።

ያኔ በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የአንድ ዓመት አገልግሎት ተብሎ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ተማሪዎቼ ሕይወት ያለው ነገር እንዲያዩ ብዬ የመስኮት መስታወት በስቱኮ አጣብቄ ሣጥን ሠራሁ። ከጣና ጣት ጣት የሚያህሉ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች በጀሪካን ይዤ፣ እስከ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በበቅሎ አየር እንዳያጡ ውሃውን እያማሰልኩ መጣሁ። ሆዳቸው ቀላ ያለ ሌሎች ዓሦች ደግሞ ጓደኛዬ ከደቡብ ሐይቆች አምጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ወገን ናቸውና አንድ ላይ ጨመርኳቸው።

የእስቴ ብርድ ለሐይቅ ዓሣ አይሆንም፤ ከሣጥኑ ሥር ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ፋኖስ አደረግሁ። ፋኖሱን የሚጠብቁልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ የስማዳ ሰው። ዓሦቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ይስማማሉ ብዬ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ዘመዳሞች ከሆኑማ መጣላታቸው አይቀርም» አሉ።

የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ወገዳ አጠገብ ባለ የአባታቸው ርስት ሰበብ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተጣልተው፣ አገር ለቀው ዘበኛ የሆኑ ሰው ናቸው። እናታቸው ወንድምየው ቤት ይኖሩ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት ደጅ አልረገጡም። «አሮጊቷ ሳትሞት አንድ ቀን ከደጇ ብቀመጥ» ይሉኝ ነበር፣ ፋኖሱን እየወለወሉ። ሌላ የሚመኙት ነገር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ትልቁ ቆሮሶ በሳምንቱ የሣጥኑን አንድ ጥግ ያዘ። ውስጡ ከደረደርኳቸው ድንጋዮች ጥጉ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ያለፈ ዓሣ ሁሉ ያሳድዳል። ዘበኛው «ባለርስቱ» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ጠዋት ከሆደ ቀዮቹ አንዱ ጭራው ተበጣጥሶ ተንሳፎ አገኘነው። እኔም ድንጋያቸው ሲቀያየር ጠባቸው ይበርዳል ተብሎ የተማርኩት ትዝ አለኝና እጄን ከትቼ ድንጋዮቹን ላነሳ ስል ዘበኛው ክንዴን ያዙኝ።

«ኧረ በማርያም! ወሰን'ኮ ነው መምህር፤ ወሰን ይነካል እንዴ?»

ሳቅሁ። ድንጋዮቹን ሁሉ አውጥቼ ሌላ ቦታ ደረደርኳቸው። ዓሦቹ ግራ ገባቸው፤ ትልቁ ጥጉን ፈልጎ አጣው። እስከ ከሰዓት ድረስ ሁሉም እንደ እንግዳ ቀስ እያሉ ይዋኙ ነበር። ዘበኛው በርጩማቸውን አስጠግተው፣ በመስታወቱ በኩል የሚገባው ፀሐይ ፊታቸው ላይ እየተወዛወዘ፣ ሲያዩ ዋሉ።

«ረሱት ማለት ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ረሱት። የእኔ የሚሉት ምልክት ሲጠፋ ጠቡም ይጠፋል። ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው።»

ይህቺን የመጨረሻዋን ለምን ጨመርኳት? ማንም አልጠየቀኝም። አዋቂ መምሰል ደስ ይለኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥር ላይ፣ አውድማው ሁሉ ከተነሳ በኋላ፣ ዘበኛው የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቀው አገራቸው ሄዱ። በስምንተኛው ቀን ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ተመለሱ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ በሽማግሌ ፊት ያስተከሏቸውን የወሰን ድንጋዮች አንድ በአንድ ነቅለው፣ ማሳው መካከል ከምረው፣ ወንድማቸው መጥቶ እስኪያቅፋቸው ቁጭ ብለው ጠብቀው ነበር። ወንድምየው መጣ። ያየው ግን ወሰን አፍራሽ ነው። ዱላውን ሰነዘረ፤ እየጮኸም አገሩን ጠራ።

«ዓሣው'ኮ መምህር፣ አባት የለውም» አሉኝ። ፋኖሱን ባልተጎዳው እጃቸው አነሡና ላምባ ሊሞሉ ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከስማዳ መጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ዘበኛውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ ከክፍሌ መስኮት አጠገብ ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ትልቁ ሽማግሌ በልመና ድምፅ ነበር የሚናገሩት።

«አንተ ወሰን የምታፈርስ ሰው አልነበርክም። ያሳሳተህ መካሪ ካለ ስሙን ንገረን። ተሳስቶ ነው ብለን ወንድምህን እንለምነዋለን፣ ይተውልሃል። እናትህንም ታያለህ።»

ወጥቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። በሩ ከቆምኩበት ሦስት እርምጃ አይሆንም። የወንድምየው ዱላ ታየኝ፤ ወንድምየው ጠመንጃ አለው ሲባልም ሰምቼ ነበር። ለዓሦቹ የፈረፈርኩት ዳቦ እጄ ውስጥ ላብ ነክቶት ሊጥ ሆነ።

«ማንም አልመከረኝም» አሉ ዘበኛው። «የገዛ ልቤ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። እናትየው በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሳይፈታ ሞቱ። ዘበኛው ለቀብር ሄደው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው አልቅሰው ተመለሱ ብሎ አንድ ነጋዴ ነገረኝ። እሳቸውን ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ሰኔ ላይ ነው፤ ልሄድ በቅሎ ተጭኖልኝ፣ በር ላይ ስንሰነባበት።

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ለምን ስሜን አልጠሩም?»

የበቅሎዋን ጭነት እያጠበቁ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

«አንቱ እዚህ አገር የሚቆምልዎት ወገን የለዎትም። እኔ ቢያንስ የሚጣላኝ ወንድም አለኝ» አሉ።